የመቶ ሃያኛው ቀን ምሳ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ያ ሰው የሠራተኛ ማህደር የሚያገላብጥ መሆን አለበት። የቀረው ሁሉ «ብዜት» እያለ ነበር የሚጠራው። ሾፌሮች፣ ቲኬት ቆራጮች፣ መካኒኮችና የቢሮ ሠራተኞች መቼ ሠርተው መቼ እንደሚያርፉ እያሰላ የእረፍት ሰሌዳውን የሚያወጣው እርሱ ነው። ከስምሪት ክፍሉ መስኮት ኋላ ይቀመጣል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል፤ ከሸሚዙ ኪስ ቁልፍ ላይ ደግሞ በክር የታሰረ ላጲስ ይንጠለጠላል። ለምን እንዳሰረው ሲጠይቁት፣ እርሳስ ቢጠፋ ሥራ ይቆማል፣ ላጲስ ቢጠፋ ግን ስህተት ይከርማል ብሎ ይመልስ ነበር።

ቁጥር የወደደው ገና በልጅነቱ ነው። የሒሳብ መጽሐፉ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከእርሱ በፊት ያለፉ አራት ተማሪዎች ስማቸውን የጻፉበት፣ የገጾቹ ጥግ በጣት እድፍ የጠቆረ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሥራ ፈትተው አያውቁም። አንዱ በየስድስት ደቂቃው ደወል ይደውላል፣ ሌላው በየዘጠኝ ደቂቃው ይደውላል፤ አሁን አብረው ደውለው እንደሆነ እንደገና አብረው የሚደውሉት መቼ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ሰዎቹ ምን ሆነው እንደሚደውሉ መጽሐፉ አይናገርም፤ ልጆቹም አይጠይቁም። መምህሩ ጠመኔያቸውን በሁለት ጣት ይዘው፣ «ቸኩሎ ያባዛ ሩቅ ይሄዳል፤ ዘርዝሮ ያየ ቅርብ ያገኛል» ይሉ ነበር። ስድስትን በዘጠኝ አባዝቶ ሃምሳ አራት ያለ ልጅ አልዋሸም፤ በሃምሳ አራተኛው ደቂቃ ደወሎቹ አብረው መጮኻቸው አይቀርም። ነገር ግን 6፣ 12፣ 18 ብሎ በአንድ መስመር፣ 9፣ 18 ብሎ በሌላው መስመር የደረደረ ልጅ ከዚያ በጣም አስቀድሞ፣ አሥራ ስምንት ላይ ያገኛቸዋል። ትንሹ የጋራ ብዜት ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ክፍል ከወጡት ልጆች መካከል ይህን ነገር እንደ ጥርስ ሳሙና በየቀኑ የተጠቀመበት ብዜት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ድርጅቱ አውቶቡሶቹን ባዘቦትም በሌላም ቀን ስለሚያስወጣ ሠራተኛው የሚያርፈው በተራ ነበር። ቢሮ ያለው አምስት ቀን ሠርቶ በስድስተኛው ያርፋል። ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ ሰባት ቀን ሠርተው በስምንተኛው ያርፋሉ። ጋራዥ ያለው ዘጠኝ ቀን ሠርቶ በአሥረኛው ነው። ይህን ማን እንዲህ እንደደለደለው የሚያስታውስ አልነበረም፤ ጋራዦቹ ግን የደለደለው ሰው ቢሮ ይቀመጥ እንደነበር አይጠራጠሩም።

አንድ ቀን ብቻ ሁሉም አብረው አረፉ። የግቢው መሬት አስፋልት ሊለብስ ስለሆነ ድርጅቱ ለአንድ ቀን ተዘጋ፤ ቆጠራውም ከማግስቱ ጀምሮ ለሁሉም እንደ አዲስ ከአንድ እንዲነሳ ታዘዘ። ብዜት ግን እቤቱ አልተቀመጠም። አዲሱን ሰሌዳ በር ላይ ሊለጥፍ መጣ። አንዲት ቲኬት ቆራጭም ሳታስረክበው ያደረችውን የቲኬት ቦርሳ ልትመልስ መጣች። በሩ ተዘግቷል። ሁለቱም አጥሩን ተደግፈው ዳምጠው የሚሉት መኪና የጋለውን አስፋልት ሲያስተኛ ያዩ ጀመር።

እስከዚያ ቀን ድረስ በመስኮቱ ቀዳዳ ወረቀት ከመቀባበል በቀር ተነጋግረው አያውቁም። እርሷ ተረበኛ ናት፤ ተሳፋሪ እንኳ መልሱን ሳይሆን ወሬዋን ብሎ የሚቆምላት። ሰሌዳውን አነበበችና፣ እርሷ በየስምንት፣ እርሱ በየስድስት ቀን ካረፉ እንዲህ አብረው ሥራ ፈትተው የሚቆሙት ከአርባ ስምንት ቀን በኋላ መሆኑ ነው ብላ ሳቀች።

«ሃያ አራት» አለ ብዜት፣ አፉ ቀድሞት።

ከዚያ እያፈረ የቲኬት ቁራጭ ተቀበላትና በጀርባው ሁለት መስመር ጻፈ። 6፣ 12፣ 18፣ 24። ከሥሩ 8፣ 16፣ 24። እርሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቸኩለሃል ማለት ነው?» አለችው።

«እኔ አልቸኮልኩም። ቁጥሩ ነው።»

በሃያ አራተኛው ቀን ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ነበሩ። በአርባ ስምንተኛውም እዚያው ነበሩ፤ በዚህኛው ግን ሻዩ ቀዝቅዞ፣ አሳላፊው ወንበር መደርደር ጀምሮ አልተነሱም። ስትነሳ ለአባቷ እንደምትነግራቸው ነገረችው።

አባቷ በዚያው ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ዋና መካኒክ ነበሩ። «ጋሽ ግራሶ» ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ከአውቶቡስ ሆድ ሥር የኖሩ፣ እጃቸው ምንም ቢታጠብ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር መስመር የማይለቀው ሰው ናቸው። ሚስታቸው በጊዜ ስለሞቱባቸው ልጅቷን ብቻቸውን አሳድገዋል። በሕይወታቸው ከምንም አስበልጠው የሚጠሉት ያለ ተራ የሚያስገባ ሰው ነው፤ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ ጎረቤት «ጋሼ፣ እዚህ ፊት ይግቡ» ቢላቸው ይቆጣሉ።

ልጃቸው ከነገረቻቸው በኋላ ያሉትን በማግስቱ በመስኮቱ በኩል አደረሰችለት። ሰውየውን ማየት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ቱታ ለብሰው፣ ግራሶ በእጃቸው ይዘው እንግዳ አይቀበሉም። ታጥበው፣ በቀን ብርሃን፣ ምሳ ላይ። ፈቃድ መውሰድ የለም፣ መለመን የለም፤ ሦስቱም በየተራቸው ያረፉበት ቀን ሲመጣ ይምጣ።

ይህን ወሬ ከእርሷ ኋላ ተሰልፎ የሰማው አንድ ሾፌር ነበር። ንግግሩ ስለሚፈጥን «አምስተኛ ማርሽ» ይሉታል። ወዲያው በጣቱ አየር ላይ እየጻፈ አባዛ፤ ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት፣ በአሥር ሲባዛ አራት መቶ ሰማንያ። ሽማግሌው እንቢ ከማለት በሒሳብ ነው ያባረሩህ፣ ከዓመት በላይ እኮ ነው ብሎ አዘነለት፤ እያዘነም እየሳቀ ነበር።

ብዜት እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ እንደ ድሮ መጽሐፉ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አሰፈረ፤ 6፣ 8፣ 10። በግራ በኩል መስመር አሰመረና በሁለት አካፈለ፤ 3፣ 4፣ 5 ቀሩ። እንደገና በሁለት ሲያካፍል 3፣ 2፣ 5። አሁንም በሁለት፤ 3፣ 1፣ 5። ከዚያ በሦስት፣ ከዚያ በአምስት። ከታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብቻ ቀረ። በግራ የወረዱትን አካፋዮች ሁሉ አባዛቸው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አምስት።

«መቶ ሃያ» አለ። «ዛሬ ደግሞ ሃምሳ አንደኛው ቀን ላይ ነን።»

አምስተኛ ማርሽ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። የቀሩትስ ሦስት መቶ ስድሳ ቀናት የት ገቡ ብሎ ጠየቀ። ብዜትም ከመጀመሪያው አልነበሩም፣ አንተ ነህ ያመጣሃቸው አለው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀናት ለብዜት እንደ ተቀባ ማርሽ ተንሸራተቱለት። ሰሌዳው የሚጻፍበት ትልቅ መዝገብ ላይ መቶ ሃያኛው ቀን ገና ባዶ ዓምድ ነበር፤ እርሱ ግን እየገለጠ ያየዋል። አዲስ ሸሚዝ ገዛ። ጫማውን አሰፋ። ከእርሷ ጋር በሰባ ሁለተኛው ቀን ሲገናኙ ለአባቷ ምን ቢል እንደሚሻል ሦስት ዓይነት ንግግር አሰማት፤ ሦስቱንም ጣለችበት። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሞተር ችግር አለበት ባይ ናቸው አለችው።

ነገሩ የተበላሸው በሰባ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ግን ማንም አላወቀም። ጠዋት ነው፣ አውቶቡሶቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ በመስኮቱ ቀዳዳ ሃያ ወረቀት ይገባል። ከነዚያ አንዱ የቀን መለዋወጫ ነበር። የጋራዡ በያጅ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ በሰማንያኛው ቀን አጠገቧ መሆን አለበት፤ የእርሱ እረፍት ግን፣ አዲሱ ቆጠራ በተጀመረ ማግስት ስለተቀጠረ፣ በሰማንያ አንደኛው ነው። ጋሽ ግራሶ የራሳቸውን ሰማንያኛ ቀን ሰጡት፣ እርሳቸው የእርሱን ሊያርፉ። ብዜት አነበበና «በሰላም ትገላገል» ብሎ ፈረመ።

የድርጅቱ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ ቀን የተለዋወጠ ሰው ቆጠራው ካረፈበት ቀን ይነሳል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ራሱ ብዜት ነው።

በሰማንያ ሦስተኛው ቀን የሚመጣውን ወር ሰሌዳ ሊያወጣ መዝገቡን ዘረጋ። የጋሽ ግራሶን መስመር በጣቱ ተከተለ። ሰማንያ አንድ። ዘጠና አንድ። መቶ አንድ። መቶ አሥራ አንድ። ጣቱ መቶ ሃያ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእርሱና የእርሷ ምልክት መቶ ሃያ ላይ ተቀምጧል።

በመጀመሪያ ብዙም አልደነገጠም። መቶ ሃያ ካለፈ ሌላ የጋራ ብዜት ይመጣል፤ ፈልጎ ማግኘት ነው። መደርደር ጀመረ። የእነርሱ 144፣ የእርሳቸው 141። የእነርሱ 168፣ የእርሳቸው 171። 192 እና 191፤ እዚህ ላይ ሊነካኩ ደረሱ፤ አልተነካኩም። ሁለት ገጽ ሞላ። ሦስተኛውን ሲጀምር ነው ዓይኑ የተገለጠው። የሁለቱ ቀን ሁሌም ተጋማሽ ቁጥር ነው፤ ለሁለት እኩል ይከፈላል። የአባቷ ቀን ሁሉ አሁን መጨረሻው አንድ ነው፤ ለሁለት ቢከፈል ምንጊዜም አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ሩቅ አልነበረም። ጭራሽ የለም። ፀጉራቸው ነጭ እስኪሆን ቢቆጥሩ ሽማግሌው ወይ አንድ ቀን ቀድመው ወይ አንድ ቀን ዘግይተው ይታጠባሉ እንጂ፣ ሦስቱ አንድ ገበታ ላይ አይቀመጡም።

የራሱን እረፍት መስጠት አሰበ። አንዱን የእረፍት ቀን ቢሠራበት ያቺ ቀን የሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ስለምትሆን የእርሱ ቆጠራ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ወዲያው አሰላውና ተወው፤ ያኔ ከእርሷ ጋር ሊለያይ ነው።

አምስተኛ ማርሽ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ፊቱን አየና ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ነገረው። ሾፌሩ ሳቀ፤ በአንድ ጣቱም ከኪሱ ላይ የተንጠለጠለውን ላጲስ ነካ አድርጎ አወዛወዘው። «አንተ ሰው፣ መድኃኒቱ ደረትህ ላይ ተሰቅሏል እኮ። ከመቶ ሃያ አንዱ ላይ አንዷን አጥፋትና ዜሮ ጻፍ። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ሰሌዳው በእርሳስ ነው የሚጻፈው። ብዜት ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከራሱ ስም አጠገብ ላጲስ አላሳረፈም። እግዜር ይስጠውና ሠራተኛው መስኮቱ ላይ ሲጨቃጨቅ፣ ሲራገምም ቢሆን፣ «ብዜት ለራሱ አድልቷል» ያለው ሰው የለም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ቀን ሁሉ የሚታመነው በዚያች ነገር ነበር። ላጲሱን ወደ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ተነስቶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ጋሽ ግራሶ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ፤ በላያቸው አንድ አውቶቡስ ቆሟል። ብዜት ከላይ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ከላይ ሆነህ አትንገረኝ። ውረድ።»

በነጭ ሸሚዙ ወረደ። ጠመኔ ይዞ መጥቷል። የጉድጓዱን ግድግዳ በእጁ ጠረገና ሁለት መስመር ቁጥር ጻፈ። ሽማግሌው ባትሪ አብርተው ተከተሉት።

«መቶ ሃያና መቶ ሃያ አንድ» አሉ። «አንድ ቀን እኮ ነው። ወደፊትስ?»

«መቶ ዘጠና ሁለትና መቶ ዘጠና አንድ።»

«ይኸው ተቃርበናል።»

«እንቃረባለን እንጂ አንገናኝም፣ ጋሼ። የእኛ ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፣ የእርስዎ ሁሉ አንድ ይተርፋል። እስከ መቼም ሆድና ጀርባ ነን።»

ጋሽ ግራሶ ባትሪውን ከግድግዳው ወደ ሰውየው መለሱ።

«የበያጁን ወረቀት ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«ሳታየው?»

«አይቼዋለሁ። ስለ ሴትየዋ ምጥ እያሰብኩ ነበር።»

ጋሽ ግራሶ ከዚያ በመፍቻው ጫፍ የሸሚዙን ኪስ ጠቆም አደረጉና ያቺ የታወቀች ላጲስ የት ሄደች አሉ። ኪሴ ውስጥ አለች አላቸው። ታጠፋለች ወይ ብለው ጠየቁ፤ ታጠፋለች አለ። ታዲያ ምነው አሉ።

«የእርስዎ ተራ ነው። አንዴ ለራሴ ካጠፋሁባት ነገ ሰሌዳውን ማን ያምነዋል?»

ሽማግሌው በጨርቅ እጃቸውን ጠረጉ፤ ጨርቁ ከእጃቸው የባሰ ስለነበር ምንም አልለወጠም። መላ አለው ወይ አሉ። ብዜትም ልጅዎና እኔ ሁለታችንም አንድ አንድ እረፍት ብንዘል መቶ ዘጠና አንደኛው ቀን ላይ እንገናኛለን አላቸው። ይህ ከመቶ ቀን በላይ ነው። ሌላ የለም ወይ ሲሉት አንገቱን ደፋ፤ ሌላው በእጅዎ ነው፣ ልጠይቅዎት ግን አፈርኩ አለ።

ጋሽ ግራሶ ትንሹን የጋራ ብዜት አልተማሩም። ዘጠኝ ቀን ግን ያውቃሉ፤ ሠላሳ ዓመት በወገባቸው ቆጥረውታል። ግራሶ በጠጣው አውራ ጣታቸው ሌሎቹን ጣቶች እየነኩ ማንም ሳይረዳቸው ቆጠሩ። በዘጠና አንደኛው ቀን ከማረፍ ይልቅ ቢሠሩ፣ ያቺ ቀን ለሚቀጥለው ዙር አንድ ትባላለች። ዘጠና ሁለት፣ ሁለት። ዘጠና ሦስት፣ ሦስት። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ጣታቸው ዘጠኝ አለ።

«መቶኛው ላይ አርፋለሁ» አሉ። «ከዚያ መቶ አሥር። ከዚያ መቶ ሃያ።»

«አሥራ ስምንት ቀን ያለ እረፍት ነው፣ ጋሼ።»

«መቁጠርማ እችላለሁ። ውጣ አሁን፣ ሸሚዝህን አበላሸኸው።»

ደንቡ ከተራው በፊት ማረፍን ይከለክላል፤ በተራው ቀን መሥራትን ግን ማንም ከልክሎ አያውቅም፤ አስቦትም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ግራሶ ራሳቸው ወረቀት ጽፈው በመስኮቱ አስገቡ፤ ሰልፍ ይዘው፣ ከአምስት ሰው ኋላ ቆመው። ብዜትም በእርሳስ መዘገበው።

በዘጠና ስድስተኛው ቀን ሻይ ቤት ሲገናኙ ልጅቷ በቁጣ መጣች። አባቷ ትናንት እራት ላይ ማንኪያውን አፋቸው ውስጥ እንዳደረጉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። «አባቴን በብዜት ልትገድላቸው ነው» አለችው። ትንሽ ቆይታ ግን የቀረውን ተናገረች። ማንኪያውን ልታወጣላቸው ስትል ነቅተው፣ «ያ ልጅ ጉድጓድ ወርዶ ስህተቱን በራሱ እጅ ጻፈልኝ» ብለዋት ተመልሰው ተኙ።

በመቶኛው ቀን ጋሽ ግራሶ እስከ ቀትር ተኙ። በመቶ አሥረኛው የቤቱን በር ማጠፊያ ዘይት ቀቡ። መቶ ሃያኛው ቀን ደመናማ ነበር። ብዜት አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ፣ በተሰፋው ጫማ፣ ልክ በስድስት ሰዓት በሩን አንኳኳ። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ሽማግሌው ታጥበዋል፣ ተላጭተዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው መስመር ብቻ እንደነበረ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተደርድሯል፣ ሾርባው ይጨሳል። ልጅቷ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትስቅበታለች።

ብዜት አራተኛ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሼ፣ የመጣሁበት ጉዳይ…» ሲል ጋሽ ግራሶ ወንበር ሳቡለት።

«የመጣህበትን ጉዳይ ጉድጓድ ውስጥ ጨርሰነዋል። ዛሬ የመጣኸው ልትበላ ነው።»

የዚያ ቤት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ለረጅም ነገር ሁሉ «መቶ ሃያ» ማለት ለመዱ። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ፣ ውሃ እስኪፈላ ሲጠብቁ፣ መቶ ሃያ ነው ይባባላሉ። ጋሽ ግራሶ ጡረታ የወጡ ዕለት አማቻቸውን አስጠርተው፣ እንግዲህ የእኔ ቁጥር ስንት ሆነ ብለው ጠየቁት። ቀኑ ሁሉ እረፍት ስለሆነ አንድ ነው አላቸው። ከሁሉም ቁጥር ጋር የሚገጥም ቁጥር መሆኑን ሲያስረዳቸው ደስ አላቸው፤ በሰፈሩ ሁሉ እየዞሩ «እኔ አንድ ነኝ» ሲሉ ሰንብተው ልጃቸው አስቆመቻቸው።

ዓመታት ቆይቶ ብዜትም በተራው ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ገና ሥራ ላይ ነበረች፤ አሁን ቲኬት መቁረጥ ትታ ቆራጮቹን ትቆጣጠራለች፣ ዛሬም በየስምንት ቀኑ ታርፋለች። የመጀመሪያው ጠዋት እርሳሱን ከጆሮው አወረደና ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ካሌንደር ፊት ቆመ። አንድና ስምንት። ማባዛትም መደርደርም አላስፈለገውም፤ እርሷ ባረፈች ቁጥር እርሱም አርፏል። በስምንተኛው ቀን ሻይ ቤቱ ገና ወንበሩን ሳያወርድ በሩ ላይ ደረሱ።

«ቸኩለሃል ማለት ነው?» አለችው።

«እኔ አልቸኮልኩም» አለ ብዜት።